አምስት ሬሳና አንድ መርዶ

በመጀመሪያው መጽሐፌ ውስጥ አምስት ሰው ገድያለሁ። አንዱን ላፍቶ ተጀምሮ በቀረ ሕንጻ ምድር ቤት፣ ሁለቱን በመርዝ፣ አንዷን ጎፋ ውስጥ በመኪና፣ የመጨረሻውን ደግሞ አሁን ሳስበው በሚያሳፍረኝ መንገድ በአሳንሰር። ስለ አምስቱም አንድም አንባቢ ቅር አላለውም። ሰው የተቆጣኝ ሬሳ በሌለበት በአንድ ገጽ ነው።

በዚያ ገጽ ላይ መርማሪዬ ለሟች ሚስት ስልክ ይደውላል። «ባለቤትዎ ተገድለዋል፤ አዝናለሁ» ይላትና ይዘጋል። ጊዜው ማታ ነው፤ ሴትየዋ ብቻዋን ናት፤ እራቷን አልበላችም። እኔ ይህን ስጽፍ ልብ ሰቃይ ነገር የጻፍኩ መስሎኝ ነበር። መጽሐፉ በወጣ በሳምንቱ ከብስራተ ገብርኤል የተሳፈሩ አንድ አዛውንት ታክሲ ውስጥ ከጀርባው ሽፋን ፎቶ ለይተውኝ፣ «አንተ ነህ ያንን ፖሊስ የጻፍከው?» አሉኝ። ኮራ ብዬ አዎ አልኩ። «አሳዳጊ የበደለው ነው እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ እስክወርድ ድረስ አላናገሩኝም።

ዛሬ አምስተኛ መጽሐፌን ጨርሻለሁ። በዚህ ሥራ ጎበዝ ነኝ፤ ይህን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ገዳይን ከአንባቢ ፊት ለፊት አስቀምጬ ሦስት መቶ ገጽ መደበቅ እችላለሁ። ይህን ሁሉ ያልኩት፣ በገዛ ሙያዬ እንዴት እንደተበለጥኩ መናገር ስላለብኝ ነው።

ሙያውን ያስተማረኝ አንድ አሜሪካዊ ነው። አግኝቼው አላውቅም፤ እሱም እኔ መኖሬን አያውቅም። በግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሳስተምር፣ አሮጌ መጽሐፍ መሬት ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰውዬ የእሱን የወንጀል ልቦለዶች እገዛ ነበር። መጻሕፍቱ በተጻፉበት ቅደም ተከተል አይመጡም። ስለዚህ የሰውየውን ሕይወት የተከታተልኩት ከጀርባ ሽፋኑ ፎቶ ነው። መስከረም ላይ ሽበታም ነበር፤ ለገና ጸጉሩ ጥቁር ሆነ፤ ለፋሲካ ራሰ በራ ሆኖ መጣ። ከፎቶው ሥር ያሉትን ሦስት አራት መስመሮች እየገጣጠምኩ የሥራ ዘመኑን በሐሳቤ ሠራሁት። ቀን ተቀጥሮ ይሠራል፤ ማለዳ ከሥራ በፊት ይጽፋል፤ የመጀመሪያዎቹን መጻሕፍት ማንም ዞር ብሎ አላየለትም፤ ከዚያ በዓመት አንድ፣ በዓመት አንድ እያለ መደርደሪያ ሞላ። በፎቶ ያረጀን ሰው እንዲህ የምወደው አይመስለኝም ነበር። እኔም ማለዳ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቼ መጻፍ ጀመርኩ።

ከእሱ ሁለት ትልልቅ ነገር ተማርኩ። ምዕራፍ የሚቆረጠው ሰው ገጽ መግለጥ ሲፈልግ ነው። ፍንጭ የሚደበቀው ደግሞ ጨለማ ውስጥ ሳይሆን ሥራ በበዛበት ቦታ ነው፤ አንባቢው በሌላ ነገር ሲጠመድ እፊቱ ያለውን አያይም። ከዚህ ጋር የማያስፈልገኝንም ቀዳሁ። የእኔ መርማሪ ረጅም ካፖርት ለብሶ ጎፋ ውስጥ ይዞራል፣ ዘመድ የለውም፣ ለቅሶ አይደርስም፣ እድር የለውም። ለሟች ቤተሰብ የሚናገረውም እንደ አሜሪካዊው መርማሪ ነው፤ በር አንኳኩቶ ወይ ደውሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶ ይሄዳል።

ይህን ገጽ መጀመሪያ ያየችው ሴት አልተየብም ብላኝ ነበር። ሴት ማለቴን ቢሰሙ ይቆጡኛል፤ ሕንጻው በሙሉ እትዬ ነው የሚላቸው። ሦስተኛ ፎቅ፣ ከእኛ በር ፊት ለፊት ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን በአንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ ናቸው። አንድ ልጅ አላቸው፣ ማለትም ነበራቸው። በጅቡቲ መንገድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። «እማዬ ጣትሽ እንዳይዝግ» ብሎ ኮምፒውተር የገዛላቸው እሱ ነው። ከመንገድ ሲመለስ ሐብሐብ ያመጣል፤ አንዱ ሁልጊዜ የእኛ ነው። ማታ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ሲል፣ የትም ይሁን የት፣ መኪናውን አቁሞ ለእናቱ ይደውላል። የሚያወሩት እኛ ቤት ድረስ ይሰማናል፤ ብዙው ምን በላህ ነው።

ለመጀመሪያው መጽሐፍ እትዬ የእጅ ጽሑፌን ተቀብለው ሁሉንም ከተየቡ በኋላ ያቺን ገጽ ባዶ ትተው መለሱልኝ።

«እትዬ፣ አንድ ገጽ ዘለሉ» አልኳቸው።

«አልዘለልኩም። ትቼው ነው። ሴትየዋ ብቻዋን ናት፤ ስትወድቅ ማን ይያዛት?»

«ልቦለድ እኮ ነው እትዬ።»

«ልቦለድም ይሁን። መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሰው በልቶ፣ ተኝቶ ያድራል፤ ሲነጋ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ይገባል፤ አንድ ትልቅ ሰው ይናገራል፤ የሚይዛት ሰው አጠገቧ ተቀምጧል። ከእሷ በቀር ሁሉም ያውቃል፤ እሷ ብቻ አታውቅም። ይህን ነው መጻፍ።»

ያን ጊዜ ጆሮዬ አልሰማም። ገጹን ወስጄ ኮፒ ቤት አስተየብኩት። አዛውንቱ ታክሲ ውስጥ ካሳፈሩኝ በኋላ ነው የገባኝ። አንባቢው የሚያውቀውን ባለታሪኳ ሳታውቅ ቁርስ ሲቀርብላት፣ ያ ነው ልብ የሚሰቅለው። አሜሪካዊው ይህን በሃያ ዘዴ ለማምጣት ሲለፋ ኖሯል፤ እኛ ሰፈር በየወሩ በነጻ ይሠራል። ጆሮዬን ይዤ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከሁለተኛው መጽሐፍ ጀምሮ እትዬ ያላዩት መስመር ማተሚያ ቤት ገብቶ አያውቅም።

አንድ ልማድም ጀመርን። እትዬ የመጨረሻውን ምዕራፍ ከመቀበላቸው በፊት ገዳዩን ገምተው በቁራጭ ወረቀት ይጽፋሉ፤ ፖስታ ውስጥ ከትተው ያሽጋሉ። ከመሥሪያ ቤት በቀረ ልማዳቸው ቀኑንና ሰዓቱን ወረቀቱ ግርጌ ላይ ያሰፍራሉ፤ በኋላ ክርክር እንዳይመጣ። ፖስታውን ለእኔ ይሰጡኛል፤ እኔ የመጨረሻውን ምዕራፍ እሰጣቸዋለሁ። ተይቦ ሲያልቅ ፊት ለፊት ተቀምጠን እንከፍታለን። በሁለተኛውም በሦስተኛውም በአራተኛውም አገኙት። በአራተኛው ተናድጄ ወረቀቱን ጨምድጄ ወርውሬዋለሁ፤ ልጃቸው ያን ቀን ቤት ስለነበር ሶፋው ላይ ወድቆ እስኪያለቅስ ሳቀብኝ። አምስተኛውን ስጽፍ አንድ ምኞት ብቻ ነበረኝ፤ እትዬን አንድ ጊዜ ማሳሳት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ደረጃ ስወርድ አንድ የማላውቀው ሰው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ አገኘሁ። ሸሚዙ ላይ ግራሶ አለበት። የልጃቸውን ስም ጠርቶ «የእናቱ ቤት የቱ ነው?» አለኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም መጠየቅ አላስፈለገኝም። አብሮት የሚነዳ ጓደኛው ነው። መኪናው ከአዋሽ ወዲያ ሌሊት ተገልብጧል፤ አስከሬኑ በማግስቱ ጠዋት ይገባል።

ክንዱን ይዤ ወደ ታች አወረድኩትና ሐጂ ሱቅ ወሰድኩት። ሐጂ የሕንጻችን እድር ሊቀ መንበር ናቸው፤ ጨርቅ ይነግዳሉ። ሰምተው ሲጨርሱ መለኪያ ሜትሩን ጨርቁ ላይ አስቀመጡ። እኔ እዚያው ጥቅል ጨርቅ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሐብሐቡ ነው የታየኝ።

«ነገ ንጋት ላይ እንነግራለን» አሉ ሐጂ። «እህታቸውን ከብስራተ ገብርኤል አስመጣለሁ። ችግሩ እስከዚያ ነው። እኚህ ሴትዮ ከፊት ላይ የሚያነቡ ናቸው።»

ነገሩ ግልጽ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ንጋት እትዬ ሳይሰሙ ማደር አለባቸው። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ አይጮህም። ልጄ አልደወለም ብለው እሳቸው ከደወሉ ደግሞ ማን አንስቶ ምን እንደሚላቸው አይታወቅም። ያኔ ማታ፣ ብቻቸውን፣ በባዶ ሆድ፣ በስልክ ሊሰሙ ነው። እኔ በጻፍኩት መንገድ። ይህ እንዳይሆን የማላደርገው ነገር አልነበረም።

«ለኔ ተዉት» አልኳቸው። «ኔትወርክ የለም፣ ደህና ነኝ የሚል መልእክት በጓደኛው ስልክ ልናስልክ እንችላለን።»

ሐጂ ቀና ብለው አዩኝ። «ቲቸር፣ እሱ መጽሐፍህ ውስጥ ይሁን። የሞተ ልጅ ለእናቱ እንዲዋሽ አናደርግም።»

አፈርኩ። ግን እጄን አልሰጠሁም፤ ሌላ መላ አበጀሁ፣ እውነቱን ለመናገር በመላውም ኮራሁ። የአምስተኛው መጽሐፌ የመጨረሻ ምዕራፍ ቤት ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል። ማተሚያ ቤቱ ለነገ ጠዋት ፈልጎታል ብዬ እወስድላቸዋለሁ። እትዬ ሥራ ከያዙ ሌላ ነገር አያዩም። ባለቤቴ እራት ይዛ ትመጣለች፤ ካርድ አልቆብኛል ብላ ስልካቸውን ትበደራለች፤ ረስታው ይዛው ትሄዳለች። ፍንጭ የሚደበቀው ሥራ በበዛበት ቦታ ነው፤ ይህን ስንት ዓመት ስሠራው ኖሬያለሁ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ፊቴን ታጥቤ በራቸውን አንኳኳሁ።

«ግባ፣ በሩ ክፍት ነው» አሉኝ። ኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። የረቂቁን ፌስታል ጠረጴዛው ላይ አድርጌ፣ «እትዬ፣ ጉድ ሆኛለሁ፣ መጨረሻው ለነገ ጠዋት ይፈለጋል ብለው ደወሉ» አልኩ። ድምፄ ጥሩ ነበር፤ አልተንቀጠቀጠም።

ምስሩን ወደ ጎን አደረጉት። ወረቀቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«ፖስታ አምጣ እንጂ» አሉኝ። «ሳልገምት መጨረሻውን ልትሰጠኝ ነው?»

«ውይ፣ ቸኩዬ እኮ ነው!» ብዬ ሮጥ ብዬ ከቤት ፖስታ አመጣሁ። እትዬ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ጻፉ፤ እንደ ልማዳቸው ሰዓታቸውን አዩ፤ አሽገው ሰጡኝ። ጃኬቴ የውስጥ ኪስ ከተትኩት። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው መተየብ ጀመሩ።

ሁሉም እንደ ጻፍኩት ሄደ። ባለቤቴ አንድ ሰዓት ላይ እራት ይዛ መጣች፤ ስልኩን ወሰደች። ሌላ ጊዜ ማታ ከሻይ በቀር የማይቀምሱት እትዬ የቀረበላቸውን አንድ ሳያስቀሩ በሉ። «ልብላ፣ ነገ ብዙ ሥራ አለ» አሉ። አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ላለማየት ጫማዬን አያለሁ። እትዬ ይተይባሉ። ስልኬ የት ነው አላሉም። ሁለት ሰዓት ሲል ምዕራፉ አለቀ። «በል ሂድ ተኛ፤ ስህተቱን እኔ አርመዋለሁ» አሉኝ። ፖስታውን እንክፈት ሳይሉኝ መቅረታቸው ገላገለኝ፤ ያን ማታ ስለ ገዳይ ማውራት አልችልም ነበር።

ንጋት ላይ ከሕንጻው ሥር ተሰበሰብን። እህታቸው ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጥታለች። ሠላሳ ሰው ያህል፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ድምፅ ሳያሰማ ደረጃውን ወጣ። ሐጂ አንኳኩ። እትዬ ለብሰው ከፈቱ። ወንበሮቹ ሁሉ ግድግዳ ተጠግተው ተደርድረዋል፤ ጠረጴዛው ጥግ ሄዷል፤ ኮምፒውተሩ በጨርቅ ተሸፍኗል። ቤት ሊያጸዱ ነው መሰለኝ፣ አልኩ በልቤ።

አስቀመጥናቸው። እህታቸው በቀኝ፣ ባለቤቴ በግራ ተቀመጡ። ሐጂ ጎንበስ አሉ።

«እትዬ፣ ሁላችንም እዚህ ነን። ልጃችን ከመንገድ አይመለስም።»

ያን ጩኸት አልጽፈውም፤ ብችልም አልጽፈውም። ወደቁ፤ ሁለቱ ያዟቸው። አልቅሰው አስለቀሱን።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ግን እጽፈዋለሁ፤ አሳፋሪ ስለሆነ። ድንኳን ለመትከል ወደ ታች ስንወርድ፣ እንባዬ ሳይደርቅ፣ ሐጂን በጆሯቸው፣ «አንድም ነገር አልጠረጠሩም እኮ» አልኳቸው። በድምፄ ውስጥ ኩራት ነበረበት፤ እኔው ራሴ ሰማሁት። ከአራት መጽሐፍ በኋላ እትዬን አሳሳትኩ ብሎ የሚያስብ አንድ ክፉ ጸሐፊ ሆዴ ውስጥ አለ። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» ብለው የድንኳኑን ብረት አቀበሉኝ።

እትዬ አርባው እስኪወጣ ኮምፒውተሩን አልገለጡትም። ማተሚያ ቤቱም በእውነት የቸኮለበት ነገር ስላልነበረ መጽሐፉ ተቀመጠ። አርባው ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ጠሩኝ። ጥቁር ለብሰው፣ ከስተው፣ ጠረጴዛውን ወደ ቦታው መልሰውታል። ያን ማታ የተየቡትን ምዕራፍ በቀይ እስክሪብቶ አርመው አቀበሉኝ።

«መቼ አረሙት?» አልኩ።

«ያን ሌሊት። እንቅልፍ የት አለ ብለህ ነው?» አሉኝ። «ፖስታዬን ከፈትከው?»

ፈጽሞ ረስቼው ነበር። ቤት ሄጄ ጃኬቱን አወረድኩ፤ ፖስታው እንደታሸገ ኪሱ ውስጥ አለ። ይዤው ስመለስ፣ ገዳዩ የፋርማሲው ባለቤት መሆኑን አግኝተውት ይሆን እያልኩ ነበር። ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ከፈትኩት።

ወረቀቱ ላይ በዚያ ቀጥ ባለ የታይፒስት እጅ ጽሑፍ፣ «ልጄ ነው። እስኪነጋ ግን አልሞተም» ይላል። ግርጌው ላይ ቀኑ አለ፤ ሰዓቱም፣ አሥራ ሁለት ተኩል።

ባለቤቴ ስልኩን ሳትወስድ። እራቱ ሳይመጣ። እኔ በሩን አልፌ ገብቼ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናግሬ።

«እንዴት አወቁ?» አልኩ።

«ፖስታ ሳትጠይቀኝ መጨረሻውን ሰጠኸኝ» አሉ። «አንተ! እኔን ለማሳሳት ምግብ የሚያስጠላህ ሰውዬ። ከመጽሐፍህ የሚበልጥብህ ምን ሊመጣ ይችላል? በዚያ ላይ ከሰዓት ጀምሮ ማንም በደረጃው ሲያልፍ አልሳቀም። እኔ ደግሞ አንድ ልጅ ነው ያለኝ።»

«ታዲያ ለምን አልጮኹም? ለምን አልጠየቁኝም?»

«ብጠይቅህ ትነግረኝ ነበር፤ ፊትህ አይችልም። ያኔ ማን ይይዘኛል? አንተና ኮምፒውተሩ?» ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። «ለመነገር ገና አንድ ሌሊት ነበረኝ። ያን ሌሊት እናቱ ነበርኩ። ወንበሩን ደረደርኩ፣ ሥራህን አረምኩ፣ እስክትመጡ ጠበቅኩ። እናንተም ለፍታችኋል።»

ከዚያ በኋላ ሁለታችንም አለቀስን፤ እኔ ከእሳቸው በላይ። ወረቀቱን አጥፌ ላቀብላቸው እጄን ዘረጋሁ። አልተቀበሉኝም።

«ያንተ ነው፣ ያዘው» አሉ እትዬ። «ጻፈው። ሰዓቱን ግን እንዳትቀይር።»